ይስማ ንጉሥ፦ ነጋዴው በማን አፍ ተናገረ?

ውጫሌ ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን አንቀጽ 17 ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የኢጣሊያው ተወካይ ኮንት ፔትሮ አንቶኔሊ ውሉን ሲፈራረሙ፣ የአማርኛውና የጣልያንኛው ቅጂ በዚያ አንቀጽ ላይ ተለያየ። ከዚያ የተነሳው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ አደረሰን። ይህን ልጆች ሆነን ተምረነዋል፤ አሁን ደግሞ ልጆቻችንን እናስጠናቸዋለን።

ነገር ግን ውሉ 20 አንቀጾች ነበሩት፤ ስሙም የወዳጅነትና የንግድ ውል ነው። አንቀጽ 5ን የሚያነሳ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። አንቀጹ የሚለው፣ ከምጽዋ የሚመጣም ወደ ምጽዋ የሚሄድም ሲራራ ነጋዴ በኢትዮጵያ ግዛት የዕቃውን ዋጋ 8 በመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይክፈል ነው። ኬላ ባለፈ ቁጥር ለሚቀረጥ ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ፣ አስቀድሞ በታወቀ መጠን መክፈል ነጋዴ በየትኛውም ዘመን የሚመኘው ነው። ታዲያ ይህን ማን ጠየቀለት? ምጽዋን የያዘው የኢጣሊያ መንግሥት የወደቡ ንግድ እንዲደራ ይፈልግ ነበር፤ የሱን ጥቅም አንቶኔሊ ተናገረለት። የአምባሰል፣ የሐይቅ፣ የየጁ ወይም የቃሉ ነጋዴ ግን በዚያ ድርድር ራሱ መርጦ የላከው ሰው አልነበረውም።

ውሉ የተፈረመበት የአምባሰል ስፍራ ይስማ ንጉሥ ይባላል። ስሙን እንዳለ ብንወስደው አቤቱታ ይመስላል፦ ንጉሥ ይስማ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚያው የሚነሳ ነው። በአገራችን ነጋዴ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ግብርና ስለ ሕግ ያለውን ሐሳብ ለመንግሥት ያሰማው በማን አፍ ነው?

የሕክምና ሰው ሆነሽ ይህ ምን አገባሽ ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ ከመካከላችን ስንቱ ዛሬ ክሊኒክ፣ መድኃኒት ቤት ወይም ላቦራቶሪ ከፍቶ ፈቃድ የሚያሳድስና ግብር የሚከፍል ሰው ሆኗል፤ ወደድንም ጠላንም ነጋዴ ነን። ሁለተኛው የወሎ ረሃብ ነው። እሱን ቆየት ብዬ አነሳዋለሁ።

ደጅ ጥናት

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስሟ የሚነሳው በውሃዋና በእስጢፋኖስ ገዳም ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን ካጸኑ በኋላ የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ይባል ጀመር። ማዕረጉ በገዳም ብቻ አልቀረም፤ ውሎ አድሮ ለቤተ መንግሥት እጅግ የቀረበ ሥልጣን ሆነ። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን ለንጉሡ ቅርብ ከነበሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

ይህን ያነሳሁት ከንጉሥ ጆሮ ለመድረስ በሰው በኩል ማለፍ በአገራችን የቆየ ሥርዓት መሆኑን ለማሳየት ነው። ጉዳይ ያለው ሰው እጅ መንሻውን ይዞ ደጅ ይጠናል፤ የሚያስገባው ሰው ካገኘ ይገባል፣ ካላገኘ ይከርማል። ደጅ ጥናት የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። የቀናው ሰው የሚያገኘው ምሕረት ወይም ስጦታ ነው እንጂ ለሁሉ የሚሠራ ደንብ አይደለም። ዛሬ ቀረጥ የተማረለት ነጋዴ አለ እንበል፤ ነገ በዚያው ኬላ የሚያልፈው ባልንጀራው ከዚያ ምንም አይተርፈውም።

የነጋዴ ራስ

ነጋዴው የራሱ አፈ ጉባኤ የነበረው ሲራራ ላይ ነው። አሞሌ ጨው ከአፋር ቆላ ወደ ደጋ ገበያ ሲወጣ፣ ቡናውና ሌላውም ዕቃ ወደ ባሕር ሲወርድ ነጋዴ ብቻውን አይሄድም፤ ሽፍታ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ኬላ አለ። አብረው የሚጓዙት አንድ አለቃ ይኖራቸዋል። መቼ እንደሚነሱ፣ የት እንደሚያድሩ የሚወስነው እሱ ነው። ኬላ ላይ ስለ ሁሉም ሆኖ ይደራደራል፤ እርስ በርስ ሲጣሉም ይዳኛል። ነጋድራስ ማለት የነጋዴ ራስ ማለት ነው።

ቀስ በቀስ ግን ነጋድራስ ከመንግሥት የሚሾም ሆነ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ነጋድራስ ማለት የገበያና የቀረጥ ሹም ነው። ለቤተ መንግሥት የተወሰነ ገንዘብ ያስገባል፣ ከዚያ በላይ የሰበሰበው ለራሱ ይተርፋል፣ በነጋዴዎች መካከልም ይፈርዳል። የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ይህን ሥልጣን ይዘው በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ለሰውየው ታላቅ እድገት ነው። ለነጋዴው ግን ስለ እሱ ይናገር የነበረው አፍ አሁን ከእሱ የሚሰበስበው እጅ ሆነበት። ስሙ አልተለወጠም፤ ሥራው ነው የተገለበጠው።

ይህ እንዲህ በቀላሉ የሆነው ነጋዴው አቅም ስላልነበረው ጭምር ነው። በሰሜኑ ብዙ ቦታ ሲራራ ነጋዴው ሙስሊም ነበር፤ ርስት መያዝ ስለማይፈቀድለት ኑሮው ንግድና እጅ ሥራ ሆነ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙ ባለ መሬትም ባለ ሥልጣንም ሆኖ ስለኖረ ነገሩ ይለያል። ቢሆንም በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ሲያስገድዱ፣ ባለ ሥልጣኑም ገበሬውም ነጋዴውም መከራውን አይቷል። ለእኛ ለሐኪሞች ቦሩ ሜዳ ሲባል ትዝ የሚለን ሆስፒታሉ ነው፤ ለአካባቢው ሽማግሌ ግን ይህም ታሪክ ነው። በሃይማኖቱ የሚሰጋ ሰው ስለ ቀረጥ መጠን ድምፁን ከፍ አድርጎ አይከራከርም። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ብሎ ኬላውን ይከፍላል ወይም በሌላ መንገድ ይዞራል።

ከመንግሥት ሹመኞች መካከል ግን ነገሩን ከውስጥ አይቶ የጻፈ አንድ ነጋድራስ አለ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ሥራው ግብር በደንብ ተወስኖ እንዲጣል፣ የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ ጠይቋል። በኋላ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኖ ሠርቷል። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ ለንባብ የበቃው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ገብረ ሕይወት ያቀረበው ሐሳብ የአንድ ሰው ምሕረት አልነበረም፤ ለሁሉ የሚሠራ ደንብ ነው። ያም ሆኖ ብዕሩ ብቻውን ነበር፤ ከኋላው የቆመ ማኅበር አልነበረም።

በዐዋጅ የመጣ ምክር ቤት

ማኅበሩ የመጣው ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ሕጉ ወጣ። በአገሪቱ ታሪክ ነጋዴዎች ተሰብስበው በራሳቸው ስም ለመንግሥት ሐሳብ የሚያቀርቡበት ሕጋዊ ቤት አገኙ ማለት ነው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ግን የዋና ከተማው ቤት ነበር። በገበያ ቀን አንድ ኩንታል ማሽላ ገዝቶ ደሴ የሚሸጥ የሐይቅ እህል ነጋዴ ከዚያ ቤት ሩቅ ነው።

የዚያ ርቀት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የታየው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ነው። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ ለኢትዮጵያ ረሃብ አንድ ምዕራፍ ሰጥቷል። ከዚያ ምዕራፍ እኔን እንደ ሐኪም ያስደነገጠኝ አንድ ነገር ነው፦ ሰው በረሃብ እያለቀ የደሴ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም፤ ይባስ ብሎ እህል ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ይጫን ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋበት የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ፤ ኪሱ ባዶ ስለሆነ ገበያው እህሉን ወደ እሱ አይስበውም። ከብቱን ሊሸጥ ሲያወጣ ደግሞ ሁሉም አብሮ ስላወጣ የከብት ዋጋ ወደቀ። እህል ነበር፤ መግዣ ነው የጠፋው።

አሁን እንጠይቅ፦ ይህን መጀመሪያ ያየው ማን ነው? እኛ አይደለንም። እኛ ረሃብን የምናየው የልጅ እግር ካበጠ፣ ፀጉሩ ከሳሳ፣ ቆዳው ከተላጠ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚያየው ነጋዴ ነው። በሬ በማይሸጥበት ወር በሬ ሲመጣ፣ ቀጥሎ ማረሻ፣ ቀጥሎ የሴት ጌጥ ሲመጣ በየሳምንቱ የሚያየው እሱ ነው። ዛሬ የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎች የሚከታተሉት ይህንኑ ነው፤ አንድ በግ ስንት ኪሎ እህል ይገዛል ብለው ይመዘግባሉ። ያኔ ግን የገበያው ዕውቀት ከገበያው አልወጣም። መንግሥት ነገሩን ለመሸፈን ሲሞክር፣ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ለሕዝብ ያሳዩት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ፤ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መምህራን ይህ ሊያኮራ የሚገባ ነገር ነው። ከየአውራጃው የእህልና የከብት ነጋዴ ዋጋ ሰብስቦ ለመንግሥት በጽሑፍ የሚያቀርብ ማኅበር በየገበያው ቢኖር ኖሮ፣ ማስጠንቀቂያው ከፎቶግራፉ በፊት ይደርስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ነጋዴ መልአክ ነው ማለቴ አይደለም። እህል ደብቆ ዋጋ የሚጠብቅ አለ። ነገር ግን ነጋዴ በማኅበሩ በኩል የሚናገርበት ቦታ በሌለበት አገር፣ እጥረት በመጣ ቁጥር የሚሰማው «ነጋዴው አከማቸ» የሚለው ክስ ብቻ ነው። ክሱ እውነት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ የሚያጣራበት ቁጥር ግን ማንም የለውም።

ደርግ ይህን ክስ መመሪያው አደረገው። በ1968 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 76 የቸርቻሪ ካፒታል ከ200,000 ብር፣ የጅምላ ነጋዴ ከ300,000 ብር፣ የኢንዱስትሪ ደግሞ ከ500,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የእህል ንግድ በመንግሥት ድርጅት እጅ ገባ፤ ገበሬው በተቆረጠ ዋጋ ኮታ ያስረክብ ነበር። ንግድ ምክር ቤቶች አልተዘጉም፤ በዐዋጅ ቁጥር 148/1978 (እ.ኤ.አ.) እንደገና ተደራጁ። ቤቱ ቆሞ ነበር፣ የሚነገርበት ነገር ግን ጠበበ። ካፒታልህ ከዚህ አይለፍ በተባለበት ሥርዓት ስለ ንግድ ማስፋፋት መከራከር ከመንግሥት ርዕዮት ጋር መጋጨት ነው። ኮታው የቀረው በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። የቀረውም ነጋዴው አሳምኖ አይደለም፤ ጦርነቱና ችግሩ መንግሥቱን ስላስጨነቀው ነው።

በእኛ ዘመን

እኛ ተማሪ ሆነን ይሁን ተመርቀን ስንበተን፣ በ1995 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 341 ወጣ። ከንግድ ምክር ቤቶች ጎን የዘርፍ ማኅበራት እንዲደራጁ ፈቀደ፤ ከታች ከወረዳና ከከተማ ተነስቶ ክልል፣ ከክልል አገር አቀፍ ምክር ቤት ድረስ የሚወጣ መሰላል ዘረጋ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የመንግሥትና የግሉ ዘርፍ የምክክር መድረክ ለማቋቋም ከመንግሥት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ። በወረቀት ሲታይ ከሐይቅ ሱቅ እስከ ሚኒስትር ጠረጴዛ የሚያደርስ መንገድ አለ።

መንገዱ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት የአበባ አምራቾችን መመልከት ይበቃል። የሆርቲካልቸር አምራች ላኪዎች ማኅበር በ1994 ዓ.ም. ተመሠረተ። አባላቱ ጥቂት ነበሩ፣ ችግራቸው ግን አንድ ዓይነት ነው፦ መሬት፣ ብድር፣ አበባው ሳይጠወልግ የሚያደርስ የአውሮፕላን ጭነት። ይህን በቁጥር ይዘው ቀረቡ። መንግሥትም የውጭ ምንዛሬ ይፈልግ ስለነበር ሰማቸው፤ የልማት ባንክ የፕሮጀክቱን ወጪ እስከ 70 በመቶ ያበድር ጀመር። በኋላ የኬሚካል አጠቃቀምና የሠራተኛ ደኅንነት ወቀሳ ሲመጣ ማኅበሩ ለአባላቱ የአሠራር ደንብ አወጣ፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም ቆይቶ ስለዚሁ ደንብ አወጣ። አንድ ማኅበር መጠየቅ ብቻ ሳይሆን አባላቱን መቆጣጠርም ሲችል መንግሥት ቁም ነገረኛ አድርጎ ያየዋል።

አሁን ሌላውን ጫፍ እንይ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979 ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነውን ደረጃ ሐ ብሎ መደበው። ይህ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ ስለማይይዝ ግብሩ በግምት ይሰላ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ገማቾች ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የቀን ገቢ ገመቱ። ውጤቱ ሲነገር በብዙ ከተሞች ጩኸት ሆነ፤ በአንዳንድ ቦታ ሱቆች ተዘጉ። ነጋዴው የተሰለፈው ለየራሱ ነው፤ ቅሬታ ሰሚው ፊት እያንዳንዱ ቀርቦ «እኔ በቀን ይህን ያህል አልሸጥም» አለ። የተወሰነው ተቀነሰለት፣ የተወሰነው አልተቀነሰለትም። እዚህ ላይ ወደ ደጅ ጥናት ተመለስን። ጥያቄው መሆን የነበረበት እኮ «ግምቱ በምን ዘዴ ይሠራ?» የሚለው ነው። በየሥራ ዓይነቱ የትርፍ ህዳግ ስንት ነው? የገበያ ቀንና ሌላው ቀን እንዴት ይመዛዘናል? ሐይቅ ላይ ሻይ ቤት ያላት ሴት ለቅዳሜ ገበያተኛ የምትሸጠው ለሳምንቱ ሁሉ ተባዝቶ ቢሰላባት፣ ስህተቱ ያለው በገማቹ ጭካኔ ሳይሆን በዘዴው ነው። ዘዴን የሚያስለውጠው ደግሞ ጩኸት አይደለም፤ የብዙ ሻይ ቤቶችን ሒሳብ ሰብስቦ የሚያሳይ ማኅበር ነው።

በአበባውና በሻይ ቤቱ መካከል ያለውን ልዩነት መንግሥት ሀብታም ስለሚወድ ነው ብሎ መዝጋት ይቻላል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ዶላር የሚያመጣ ሰው ቶሎ ይሰማል። ሌላው ከፊል ግን የማኅበር ሥራ ነው። የሚሠራ ማኅበር አራት ነገር ያደርጋል። የአባላቱን እሮሮ ይሰበስባል፤ ከእሮሮው የሁሉንም የሚነካውን ይለያል፤ የሚያስከፍለውን ዋጋ በቁጥር ያሰላል፤ ከዚያ «ይህ አንቀጽ እንዲህ ቢባል» ብሎ የተጻፈ አማራጭ ይዞ ይቀርባል። አምስተኛም አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው። ዐዋጅ ከወጣ በኋላ መመሪያ ይከተላል፤ ሱቁን የሚነካው ብዙውን ጊዜ ዐዋጁ አይደለም፣ መመሪያው ነው። ዐዋጁ ሲወጣ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ የገባ ማኅበር በመመሪያው ይሸነፋል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ግን ነጋድራሶች ባስተማሩን አንድ ነገር ላይ ነው። ተወካዩን የመረጠው ማን ነው፣ እንጀራውስ ከማን ነው? መሪው ለመንግሥት ሹመት መሸጋገሪያ አድርጎ የሚያየው ማኅበር፣ ወይም ከአባላት መዋጮ ይልቅ በለጋሽ ገንዘብ የሚተዳደር ማኅበር፣ ቀን ሲከፋ የአባላቱን ከባድ ጥያቄ ይዞ አይቆምም። በክፋት ላይሆን ይችላል። የሚጠየቅለት ወገን ሌላ ስለሆነ ነው።

ወደ እኛ

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፖሊሲ የግሉ ዘርፍ በጤና አገልግሎት እንዲሳተፍ በር ከፈተ። ከዚያ ወዲህ የክሊኒክ ደረጃ፣ የክፍል ስፋት፣ የባለሙያ ቁጥር መስፈርት ወጥቷል፣ ተለዋውጧልም። ታዲያ መስፈርት ሲቀየር እኛ ምን እናደርጋለን? እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቻችን የክፍል ጓደኛችን የሆነ፣ ወይም ከጓደኛችን ጋር የሠራ ባለ ሥልጣን እንፈልግና ስልክ እንደውላለን። እሱ ዐቃቤ ሰዓታችን ነው። የራሳችን ጉዳይ ያልቅልናል፤ በሚቀጥለው ወር ገጠር ከተማ ላይ ክሊኒክ የሚከፍተው ወጣት ሐኪም ግን በዚያው በር ይጋጫል።

የእኛ ነገር ከሻይ ቤት አንድ ተጨማሪ ሸክም አለው። ባለ ክሊኒክ የሚጠይቀው ሁሉ ለታካሚ ይጠቅማል ማለት አይደለም። የክፍል ስፋት ይቀነስ ማለት አንድ ነገር ነው፤ የማምከኛ መሣሪያ ግዴታ ይቅር ማለት ሌላ። ስለዚህ የጤና ተቋም ባለቤቶች ማኅበር ጥያቄውን ከማቅረቡ በፊት «ይህ ቢፈቀድ በሽተኛው ምን ይሆናል?» ብሎ ራሱን መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ ማያያዝ አለበት። አበባ አምራቾቹ የራሳቸውን ደንብ እንዳወጡ ሁሉ እኛም አባሎቻችንን የምንቆጣጠርበት ደንብ ካላወጣን የሚያምነን አይኖርም፤ ባያምኑንም አልፈርድባቸውም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ የደሴና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ ሱቆችና የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ያለ ባለ ሱቅና ባለ ክሊኒክ ምን እንደጠፋበት ያውቃል፤ አብዛኛው ግን የሚያውቀው ለየራሱ ነው። ተደምሮ፣ በዘርፍ ተለይቶ፣ ስለ ብድርና ስለ ግብር ሲወሰን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ቁጥር የሚሆነው አንድ አካል ሲሰበስበው ነው።

በዚህ ሥራ የተመራቂዎች ማኅበራችን ንግድ ምክር ቤት ሊሆን አይችልም፤ መሆንም የለበትም። የሚችለው ግን ሁለቱን ወገን ማገናኘት ነው። በአንድ በኩል በየከተማው ተቋም ያላችሁ አባላት አላችሁ፤ የአንድ ታካሚ አገልግሎት ስንት እንደሚያስወጣ፣ የትኛው መስፈርት እንደሚጠቅምና የትኛው ገንዘብ ብቻ እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። በሌላ በኩል በትምህርት ቤታችን የኅብረተሰብ ጤና መምህራን አሉ፤ መረጃ መሰብሰብና ማስላት ሙያቸው ነው፣ ተማሪዎቻቸውም በየዓመቱ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ይፈልጋሉ። ዘንድሮ ስንገናኝ ከእራቱና ከፎቶው መካከል አንድ ሰዓት ወስደን ይህን ብንነጋገርበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ለየዘርፍ ማኅበሮቻችን የምንሰጠው አንድ የተሰላ ሰነድ ይኖረናል።